አልኮማተር ያለው ጡንቻ፦ የአንድ ቤተ ሙከራ የጉዳይ ጥናት

## ጉዳዩ በአጭሩ

ነገሩ የሆነው በአንድ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ላብ ውስጥ ነው። ተማሪዎች ጡንቻ ሲኮማተር በዓይናቸው የሚያዩበት የታወቀ ሙከራ አለ። ሙከራው ለዓመታት ሲሠራ ቆይቶ አንድ ሴሚስተር ላይ አልሠራ አለ። የጡንቻው ቃጫ ላይ ኤቲፒ (ለሕዋስ ጉልበት የሚሰጠው ሞለኪውል) ጠብ ይደረጋል፣ ይጠበቃል፣ ምንም የለም።

እኔ እዚያ የነበርኩት በረዳትነት ነው። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። መምህሩ፣ የላብ ቴክኒሺያኗ፣ ተማሪዎቹ እያልኩ እቀጥላለሁ። ጉዳዩን መዝግቤ ማስቀመጥ የፈለግኩት ችግሩ ስለከበደ አይደለም። «ጡንቻው አልሠራም» የምንላት ነገር ሁለት ፍጹም የተለያዩ ሁኔታዎችን እንደምትሸፍን ቁልጭ አድርጎ ስላሳየን ነው።

## ሙከራው እንዴት ይሠራል?

ጡንቻው የሚወሰደው ከጥንቸል ወገብ ነው። ሶአስ ይባላል። ቃጫዎቹ ረጃጅምና ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ለዚህ ሥራ ይመረጣል። ግማሽ ግሊሰሪን በሆነ ፈሳሽ ተነክሮ በማቀዝቀዣ ውስጥ ለሳምንታት ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ የሕዋሱ ሽፋን ይበሳሳል። ኤቲፒው፣ ካልሲየሙና ሌላው የሚሟሟ ነገር ሁሉ ታጥቦ ይወጣል። የሚቀረው የፕሮቲን ክሮቹ አጽም ነው። ነርቭ የለም፣ የኤሌክትሪክ ምልክት የለም። እኛ ያልጨመርነው ነገር ውስጡ አይኖርም።

ዘዴውን በ1940ዎቹ መጨረሻ ያስተዋወቀው ሀንጋሪያዊው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት-ጆርጂ ነው። ቀደም ሲል በሴገድ ከተማ በነበረው ላብ ውስጥ ባልደረባው ብሩኖ ሽትራውብ አክቲንን ለይቶ አውጥቶ ነበር። ሞቶ የቆየ ጡንቻ ኤቲፒ ሲነካው እንደገና መኮማተሩ በዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። እውነቱን ለመናገር ዛሬም ሲያዩት ያስደንቃል።

የተማሪዎቹ መመሪያ ቀላል ነው። ከጥቅሉ ላይ ቀጫጭን ቃጫዎችን በመርፌ ለይ። ስላይድ ላይ አስቀምጥና ርዝመቱን ለካ። ኤቲፒ፣ ፖታሺየም ክሎራይድና ማግኒዥየም ክሎራይድ ያለበትን ፈሳሽ ጠብ አድርግበት። እንደገና ለካ። ጤነኛ ቃጫ በሰከንዶች ውስጥ ከርዝመቱ ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ያጥራል።

## ከችግሩ በፊት መታወቅ ያለበት አወቃቀር

የአጽም ጡንቻ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ዥንጉርጉር ነው። ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ እያለ ይሄዳል። ዥንጉርጉርነቱ የሚመጣው ሁለት ዓይነት ክሮች በሥርዓት በመደርደራቸው ነው።

ወፍራሙ ክር ከማዮሲን የተሠራ ነው። ርዝመቱ 1.6 ማይክሮሜትር ነው፤ ውፍረቱ ወደ 15 ናኖሜትር ይጠጋል። በአንድ ክር ውስጥ 300 ያህል የማዮሲን ሞለኪውሎች ጭራቸውን አስተሳስረው ተኝተዋል። እያንዳንዱ ሞለኪውል ሁለት ራስ አለው። ራሶቹ ከክሩ ወደ ውጭ ወጥተዋል፤ በየ14.3 ናኖሜትሩ አንድ የራሶች ረድፍ ይገኛል። የግራው ግማሽ ራሶችና የቀኙ ግማሽ ራሶች ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ነው። መሀል ላይ ራስ የሌለበት ባዶ ቦታ አለ። ይህ ተቃራኒነት ባይኖር ኖሮ ክሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን በተሳቡ ነበር፤ ማጠር የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

ቀጭኑ ክር በዋናነት አክቲን ነው። ርዝመቱ አንድ ማይክሮሜትር ገደማ ነው። አንዱ ጫፉ ዚ መስመር በሚባል ድንበር ላይ ተተክሏል። በላዩ ላይ ትሮፖማዮሲን የተባለ ረጅም ፕሮቲን ተጋድሟል። አንድ ትሮፖማዮሲን ሰባት የአክቲን ክፍሎችን ይሸፍናል። ከእያንዳንዱ ትሮፖማዮሲን ጋር አንድ ትሮፖኒን ተያይዟል። ካልሲየምን የሚይዘው ይህ ትሮፖኒን ነው።

ከአንድ ዚ መስመር እስከ ቀጣዩ ያለው ክፍል ሳርኮሜር ይባላል። በጥንቸሉ ቃጫ ላይ ሳይወጠር ሲለካ ወደ 2.4 ማይክሮሜትር ይሆናል። ወፍራሞቹ ክሮች ያሉበት ጥቁር ክፍል ኤ ባንድ ነው። ቀጫጭኖቹ ብቻ ያሉበት ነጣ ያለው አይ ባንድ ነው። ወፍራሙን ክር ከዚ መስመር ጋር የሚያያይዘውና መሀል ላይ የሚይዘው ቲቲን ነው። በሰውነታችን ውስጥ ከሚታወቁ ፕሮቲኖች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው።

እንቅስቃሴው እንዲህ ነው። ኤቲፒ የሌለው የማዮሲን ራስ አክቲን ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ኤቲፒ ሲይዝ ይለቃል። ኤቲፒውን ሰብሮ ራሱን ያቃናል። አክቲኑ ክፍት ከሆነ እንደገና ይይዛል፣ ፎስፌቱን ይለቃል፣ ክሩንም ከ5 እስከ 10 ናኖሜትር ያህል ይስባል። ከዚያ ኤዲፒውን (ከተሰበረው ኤቲፒ የቀረውን) ይለቅና አዲስ ኤቲፒ ይጠብቃል። ራሶቹ አብረው አይስቡም። ብዙ ሰዎች ገመድ እጅ በእጅ እየተቀባበሉ ሲስቡ አንዱ ሲለቅ ሌላው እንደሚይዘው ነው።

## ችግሩ

አዲስ የጡንቻ ጥቅል ተከፍቶ ነበር። የመጀመሪያው ቡድን ኤቲፒ ጨመረ። ቃጫው አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሌሎቹም ተራቸውን ጠብቀው ያንኑ አገኙ።

ነገሩን ያወሳሰበው አንድ ቡድን ነው። የእነሱ ቃጫ በትንሹም ቢሆን አጠረ። ተሯሩጠን ሄደን ስናይ በመርፌ በደንብ ያልለዩት ወፍራም ጥቅል ነው። መመሪያው የሚለው ተቃራኒውን ነው። ወፍራም ጥቅል ውስጥ ኤቲፒ ቶሎ ስለማይገባ ውጤቱ ደካማ ይሆናል፤ ቀጭን ተጠቀሙ ይላል። እዚህ ግን ቀጫጭኖቹ ዝም ሲሉ ወፍራሙ ተነቃነቀ።

## የተሞከሩት ነገሮች

መጀመሪያ የተጠረጠረው ኤቲፒው ነው። ማንም ሰው ከዚያ ይጀምራል። ኤቲፒ ውሃ ውስጥ ሟምቶ በክፍል ሙቀት ከቆየ ቀስ በቀስ ይበላሻል። ቴክኒሺያኗ ከፍሪዘር አዲስ ዱቄት አውጥታ በረዶ ላይ በጥብጣ ፒኤቹን ወደ 7 አስተካከለችው። ውጤቱ ያው ሆነ።

ቀጥሎ ማግኒዥየሙ ታየ። ማዮሲን የሚጠቀመው ከማግኒዥየም ጋር የተጣመረ ኤቲፒን ነው። ያለ ማግኒዥየም ሙከራው ደካማ እንደሚሆን ይታወቃል። ፈሳሹ እንደገና ተሠራ። ለውጥ የለም።

ከዚያ ጡንቻው ራሱ ተከሰሰ። «ሞቷል፣ ፕሮቲኑ ተበላሽቷል» የሚለው ሐሳብ ክፍሉን ያዘ። መምህሩ እንኳ ጥቅሉን ጥለን ሌላ እንዘዝ ወደሚለው አዘንብሎ ነበር።

ነገሩን የቀየረችው አንዲት ተማሪ ናት። ቃጫውን በመርፌ ገፋ ስታደርገው ከኤቲፒው በፊትና በኋላ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ አስተዋለች። በፊት ደረቅ ነበር፤ ሲገፋ እንደ እንጨት አብሮ ይሄዳል። ኤቲፒ ከነካው በኋላ ልፍስፍስ ብሎ ይታጠፋል፣ ሲሳብም ይለጠጣል። ይህን የነገረችን እንደ ቅሬታ ነው። «ኤቲፒው ቃጫውን እያበላሸው ነው» አለች።

መምህሩ ይህን ሲሰማ ጥቅሉን የመጣሉን ነገር ተወው።

## ግትር እና ልፍስፍስ

የተማሪዋ ምልከታ ብቻውን ሁለት ጥርጣሬዎችን ጣለ። ግትርነቱ የሚመጣው ራሶቹ ሁሉ አክቲን ላይ ተጣብቀው በመቅረታቸው ነው። ሪጎር ይባላል፤ ሬሳ የሚደርቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ኤቲፒ ሲጨመር ቃጫው ከለሰለሰ ራሶቹ ለቀዋል ማለት ነው። ስለዚህ ኤቲፒው ጤነኛ ነው። ማዮሲኑም ኤቲፒን እየያዘ እየለቀቀ ነው፤ አልተበላሸም።

የቀረው ጥያቄ ራሶቹ ከለቀቁ በኋላ ለምን መልሰው አይዙም የሚለው ነው። መልሱ ያለው ቀጭኑ ክር ላይ ነው። ካልሲየም ከሌለ ትሮፖማዮሲን ማዮሲን የሚይዝበትን ቦታ ይከልላል። ትሮፖኒን ካልሲየም ሲይዝ ትሮፖማዮሲን ፈቀቅ ይላል፣ ቦታውም ይከፈታል። በ1960ዎቹ ይህን የቁጥጥር ሥርዓት የገለጡት ጃፓናዊው ሴትሱሮ ኤባሺና ባልደረቦቹ ናቸው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ሰው መጠየቅ አለበት። መመሪያው ውስጥ ድሮም ካልሲየም አልነበረም። ታዲያ በፊት እንዴት ይሠራ ነበር? መልሱ ትንሽ ያሳፍራል። በተራ ውሃና ጨው ውስጥ ሁልጊዜ የካልሲየም ርዝራዥ አለ። ጥቂት ማይክሮሞላር (በፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ነገር መጠን መለኪያ) ይሆናል። በሕይወት ባለ ያረፈ ጡንቻ ውስጥ ካልሲየሙ 0.1 ማይክሮሞላር ገደማ ነው። ሲነቃቃ ከ1 እስከ 10 ይደርሳል። ስለዚህ ለዓመታት ሙከራው ሲሠራ የነበረው በቆሻሻ ካልሲየም ነው። ማንም አላሰበበትም፤ ስለሚሠራ።

ቴክኒሺያኗ የጥቅሉን የዝግጅት ወረቀት አመጣች። አዲሱን ጡንቻ ያዘጋጀው ሌላ የምርምር ላብ ነበር። ማስቀመጫው ፈሳሽ ውስጥ 5 ሚሊሞላር (5,000 ማይክሮሞላር) ኢጂቲኤ አለበት። ኢጂቲኤ ካልሲየምን አጥብቆ የሚይዝ ኬሚካል ነው። የሚጨመረው በጥሩ ምክንያት ነው። ካልሲየም የሚያነቃቃቸው ፕሮቲን ሰባሪ ኢንዛይሞች ጡንቻውን እንዳይበሉት ይከላከላል። በምርምር ላብ የተለመደ ነገር ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ተማሪዎቹ ቃጫውን የሚለዩት በማስቀመጫው ፈሳሽ ጠብታ ላይ ነው። ከዚያ አንድ አሥረኛው እንኳ ስላይዱ ላይ ቢቀር 500 ማይክሮሞላር ኢጂቲኤ ይኖራል። ጥቂት ማይክሮሞላር ካልሲየም ከእሱ ጋር አይወዳደርም።

ወፍራሙ ጥቅልስ? እሱ ነው እኔን ይበልጥ የሳበኝ። ኤቲፒ ወደ ጥቅሉ መሀል የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፤ እዚያም በየደረጃው ይበላል። ስለዚህ መሀል ላይ ጥቂት ኤቲፒ ብቻ ይደርሳል። አንዳንድ ራሶች ይለቃሉ፣ ብዙዎቹ ግን እንደተጣበቁ ናቸው። የተጣበቁት ራሶች ትሮፖማዮሲኑን በጉልበት ገፍተው ይይዙታል። በአጠገባቸው ያለው አክቲን ያለ ካልሲየም ክፍት ይሆናል። የለቀቁት ራሶች እዚያ ይይዛሉ፣ ይስባሉ። የኤቲፒ ማነስ ያለ ካልሲየም መኮማተር ያመጣል ማለት ነው። ሲሰሙት የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ግን በጥናት የታወቀ ነገር ነው።

## ማረጋገጫው

ጥርጣሬ ብቻውን ስለማይበቃ ሦስት ሳህን ተዘጋጀ። የመጀመሪያው ጨው ብቻ፣ ያለ ኤቲፒ። ሁለተኛው ኤቲፒ፣ ማግኒዥየምና ኢጂቲኤ። ሦስተኛው ኤቲፒ፣ ማግኒዥየምና 0.1 ሚሊሞላር ካልሲየም። ወደ ሦስተኛው የሚገቡት ቃጫዎች አስቀድመው ኢጂቲኤ በሌለው ፈሳሽ ደጋግመው ታጠቡ።

በመጀመሪያው ሳህን ቃጫው ግትር ሆኖ ቀረ። በሁለተኛው ለሰለሰ፣ አላጠረም። በሦስተኛው ወዲያው ሽምቅቅ አለ። ተማሪዎቹ ጮኹ።

ከዚያ አንዱ ጥሩ ጥያቄ አነሳ። ያጠረውን ቃጫ ወደ ሁለተኛው ሳህን ብንመልሰው ይረዝማል? ተሞከረ። ለሰለሰ እንጂ አልረዘመም። በመርፌ ቀስ ብሎ ሲሳብ ግን ያለ ችግር ተመለሰ። ማዮሲን መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። ክንዳችንን የሚያጥፈውና የሚዘረጋው የተለያየ ጡንቻ የሆነበት ምክንያት እዚያች ሳህን ላይ ታየ።

## ያጠረው ምንድን ነው? ሌዘሩ

መምህሩ ሁለተኛ ዓላማ ነበረው። ከሙከራው በፊት ተማሪዎቹን የተኮማተረ ሳርኮሜር እንዲስሉ አዟቸው ነበር። አብዛኞቹ ክሮቹን ራሳቸውን አሳጥረው ሳሉ። ቃጫው ሲሸማቀቅ ማየት ደግሞ ይህን ስህተት ያጠናክራል እንጂ አያርምም።

ስለዚህ ተራ ቀይ የሌዘር መብራት መጣ። የሞገድ ርዝመቱ 650 ናኖሜትር ነው። የዥንጉርጉሩ ረድፍ ብርሃኑን ይከፋፍለዋል። 10 ሴንቲሜትር ርቆ ያለ ወረቀት ላይ ከመሀሉ ነጥብ ግራና ቀኝ ተጨማሪ ነጥቦች ይታያሉ። ሳርኮሜሩ 2.4 ማይክሮሜትር ከሆነ የመጀመሪያዋ ነጥብ 2.8 ሴንቲሜትር ላይ ታርፋለች። ወደ 2.0 ካጠረ 3.4 ላይ። ሳርኮሜሩ ሲጠብ ነጥቧ መራቋ ተማሪዎቹን መጀመሪያ ግራ አጋብቷቸዋል።

ይህ ክፍል በመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። በነፃ የተለቀቀ ቃጫ ከልክ በላይ ያጥራል። ሳርኮሜሩ ከ1.6 በታች ሲወርድ ወፍራሞቹ ክሮች ዚ መስመሩን ይገጫሉ። አይ ባንድ ይጠፋል፣ ረድፉም ይዛነፋል። ነጥቦቹ ደብዝዘው ጠፉ። መፍትሔው የቃጫውን ሁለት ጫፎች ትንሽ ላላ አድርጎ ስላይዱ ላይ ማጣበቅ ሆነ። ቃጫው ላላ ያለውን ያህል ብቻ አጥሮ ይቆማል።

ያኔ በማይክሮስኮፕ ተለካ። አንዷን ሳርኮሜር መለካት ስህተቱ ብዙ ነው፤ አሥር ተከታታይ ተለክተው አማካይ ተወሰደ። ሳርኮሜሩ ከ2.4 ወደ 2.0 ሲወርድ አይ ባንድ ከ0.8 ወደ 0.4 ጠበበ። ኤ ባንድ 1.6 ላይ ቀረ። የጠፋው 0.4 በሙሉ ከአይ ባንዱ ነው። ክሮቹ አላጠሩም፣ አንዱ በሌላው መሀል ተንሸራተተ።

በ1954 ኔቸር መጽሔት አንድ እትም ላይ ይህንኑ የሚሉ ሁለት ጽሑፎች ተከታትለው ወጥተዋል። አንዱ የአንድሩ ሃክስሊና የሮልፍ ኒደርገርከ ነው፣ ሌላው የሂዩ ሃክስሊና የጂን ሃንሰን። ሁለቱ ሃክስሊዎች ዝምድና የላቸውም፤ ተማሪዎች ሁሌ ያደባልቋቸዋል። የመጀመሪያዎቹ የተጠቀሙት ሕይወት ያለውን የእንቁራሪት ቃጫ ነው። ሁለተኛዎቹ ግን እንደ እኛ የጥንቸል ሶአስ ነው የተጠቀሙት።

## ያልተሳካው

አንድ ቡድን የለሰለሰውን ቃጫ ሲጫወትበት በጣም ለጠጠው። ካልሲየም ሲጨመርበት እምብዛም አልሳበም። ሁላችንም «እንደገና ኢጂቲኤ ነው» አልን። ታጠበ፣ ለውጥ የለም። ሌዘሩ ሲታይ ነጥቧ 1.8 ሴንቲሜትር ላይ ናት። ሳርኮሜሩ ወደ 3.65 ማይክሮሜትር ተለጥጧል ማለት ነው። በ1966 በእንቁራሪት ቃጫ ላይ በተሠራ ጥናት ኃይል ዜሮ የሚሆነው እዚህ ርዝመት ላይ ነው። የጥንቸል ቀጭን ክር ትንሽ ስለሚረዝም ጥቂት መደራረብ ይቀረዋል፤ ከዚያ በላይ የለም። ካልሲየም አለ፣ ኤቲፒ አለ፣ ግን አብዛኞቹ ራሶች ፊት ለፊታቸው የሚይዙት አክቲን የለም።

ቃጫውን የማጠቡ ሥራም እንከን አለው። ኢጂቲኤ ከታጠበ በኋላ ጡንቻው ውሎ ካደረ ጥራቱ ይወርዳል፤ ጠባቂው ታጥቦ ወጥቷልና። ስለዚህ የሚታጠበው የዕለቱ ብቻ ሆነ።

## ለሌላ ላብ የሚተርፈው

አዲሱ መመሪያ ላይ ከርዝመት ሠንጠረዡ ጎን አንድ ዓምድ ተጨምሯል፦ «ግትር ነው ወይስ ልፍስፍስ?» ቃጫው ካላጠረና ግትር ከሆነ ኤቲፒውንና ማግኒዥየሙን ተመልከት። ልፍስፍስ ከሆነ ካልሲየሙን ተመልከት። ለስልሶ፣ ካልሲየም አግኝቶም ካልሳበ በሌዘር ርዝመቱን ለካ። ይህ ቅደም ተከተል መርፌ፣ ተራ ሌዘርና ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ውድ ኬሚካል ከመቀየር ይቀድማል።

ካልሲየም በመመሪያው ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት። በርዝራዥ ላይ የተንጠለጠለ ሙከራ ውሃው ይበልጥ በተጣራ ቁጥር ይበላሻል። ጡንቻ ከሌላ ላብ ሲመጣም የማስቀመጫው ፈሳሽ ይዘት ጠርሙሱ ላይ ይለጠፍ። እኛ ጋ ወረቀቱ ነበር፣ ግን ፋይል ውስጥ።

ወፍራሙ ጥቅል አሁንም በመመሪያው ውስጥ አለ። መምህሩ ሆን ብሎ አስቀርቶታል፤ ከኢጂቲኤው ሳህን ጋር አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን ጥቅል ይሰጥና ለምን እንደተለያዩ እንዲያስረዱ ይጠየቃሉ። እስካሁን አብዛኞቹ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚጽፉት መልስ «ወፍራሙ ብዙ ማዮሲን ስላለው» የሚል ነው።